አምሳ ሺህ፣ ከስንት?

ሰውየው ስም አለው፤ ነገር ግን ከመብራት ደረሰኝ በቀር በስሙ የሚጠራው የለም። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ «ግራም» ነው። ሥራው ሚዛን መጠገን ነው፤ የሥጋ ቤቱን፣ የእህል መደብሩን፣ የመድኃኒት ቤቱን፣ የፖስታ ቤቱን ሚዛን ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ያስተካክላል፤ ፈቃድ ስላለውም በእርሳስ ብረት ማኅተም ያሽጋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአንድ ሥጋ ሻጭ ጋር በአራት ግራም ምክንያት ከጠዋት እስከ ቀትር ሲከራከር ውሎ ነው። ሥጋ ሻጩ በመጨረሻ፣ «እንካ፣ አራቱን ግራም ከጭኔ ቁረጥና ውሰድ!» ብሎ ቢላዋውን አቀበለው ይባላል። ግራም አልሳቀም። ሚዛኑ አራት ግራም ይሰርቃል፣ እስኪስተካከል አላሽገውም ብሎ ቁጭ አለ፤ ደግሞም አላሸገውም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሠርተዋል፤ የእሱ ጠረጴዛ ብርሃን እንዲያገኝ መስኮቱ ሥር፣ የእሷ የስፌት መኪና ደንበኛ ለመቀበል በሩ አጠገብ። እሷ ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ መሬት ላይ ትበትናለች፤ እሱ ብናኝ ሚዛኔ ውስጥ ገባብኝ እያለ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። የሚዛን ድንጋዮቹ ናስ ናቸው። በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልለው በእንጨት ሳጥን ይቀመጣሉ፤ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። የጣት ወዝ ክብደት ይጨምራል ይላል። ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር አብራው ኖራ አንዱንም በባዶ እጇ ነክታ አታውቅም። ልጆቹን ሲያጥብ ግን ሳሙናውን ዓይናቸው ውስጥ ይከተው ነበር። ለድንጋዮቹ የሚጠነቀቀውን ያህል ለሌላው ነገር ቢጠነቀቅ የት በደረስን ትላለች።

ይህ በአራት ግራም የሚጣላ ሰው ነው እንግዲህ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ የገባው።

«አምሳ ሺህ!» አላት ገና ደጃፉን ሳያልፍ።

«ምን አምሳ ሺህ?»

«አምሳ ሺህ አክሲዮን ገዛሁ! የባትሪ ማዕድን የሚፈልግ ኩባንያ ነው። አንዷ ስንት ይመስልሻል? ስምንት ሳንቲም! በስምንት ሳንቲም ዛሬ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ይገኛል?»

ነገሩን ያመጣው የአክስቱ ልጅ ነው፤ ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ እሁድ እንኳ ከረባቱን የማይፈታ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰው። «ትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱን አክሲዮን በመቶ ብር ነው የሚሸጡልህ፤ ባለህ ገንዘብ አርባ ብቻ ይደርስሃል። እዚህ ግን አምሳ ሺህ!» ብሎታል። ግራም ደግሞ ቁጥር ሲሰማ ልቡ ይሸነፋል። አርባ ከሚኖረኝ አምሳ ሺህ ይኑረኝ አለ። አራት ሺህ አወጣና ሰጠ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አላስቀመጠችም። «አምሳ ሺህ ከስንት?» አለችው።

«ማለት?»

«ኩባንያው ስንት ቦታ ነው የተቆረጠው? አምሳ ሺህ ቦታ ከሆነ ሁሉም ያንተ ነው። ብዙ ሚሊዮን ቦታ ከሆነ ደግሞ የደረሰህ ቅዳጅ ነው። ከስንት ነው አምሳ ሺህ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ትወጃለሽ! ኪሎ ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ስትገዢ ከስንት ኪሎ ላይ ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ? አምሳ ሺህ አምሳ ሺህ ነው!»

እንግዲህ ስህተቱ ይቺ ነበረች፤ ይቺን ስህተት ደግሞ ሚዛን ጠጋኝ ካልሆነ ማንም እንዲህ አጥብቆ አይሳሳታትም። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው የማይለወጥ መለኪያ ይዞ ነው። የእሱ አንድ ኪሎ ዛሬም ነገም፣ እዚህም ባሕር ማዶም አንድ ኪሎ ነው። አክሲዮንም እንደ ናሱ ድንጋይ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ፣ ማንም ካልነካው የማይቀንስ ነገር መሰለው። «50,000» ብሎ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ካርቶን ላይ ጻፈና ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ደንበኛ ሲገባ ዓይኑ እዚያ እንዲያርፍ ወንበሩን ሁሉ አዞረ።

ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ከኩባንያው ወፍራም ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። ባለቀለም ወረቀት፣ የተራራ ፎቶ፣ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች፤ በውስጡ ደግሞ ቴምብሩ አስቀድሞ የተከፈለ የመልስ ፖስታና ፊርማ የሚሰፍርባት ትንሽ ወረቀት። ግራም መልስ ሳይሰጠው የሚያድር ደብዳቤ የለም። ጓደኛውን በቀበረ ጊዜ የደረሰውን የሐዘን ካርድ እንኳ ሳይቀር መልሷል። ስለዚህ ትንሿን ወረቀት በሰማያዊ ቀለም ይፈርምባታል፣ ቀኑን ይጽፍባታል፣ ያንኑ ዕለት ፖስታ ቤት ይሮጣል። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ያለውንም ሚዛን አይቶ ይመለሳል።

«ምንድን ነው የፈረምከው?» ትለዋለች።

«ደብዳቤው ደረሰኝ ነው የሚለው። ጨዋ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ደረሰኝ ይላል።»

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ለተጨማሪ ቁፋሮ አዲስ አክሲዮን ወጥቶ ተሸጠ፣ ከአሥር ሚሊዮን ሃያ ሚሊዮን ሆነ አለ። ግራም ደስ አለው። «አየሽ ፈላጊው መብዛቱን!» አላት። በአራተኛው ዓመት ሃያው ሚሊዮን ሰማንያ ሚሊዮን ሆነ። አሁንም ደስ አለው። ቁፋሮው ግን ያው ቁፋሮ ነው፤ ጉድጓድ እንጂ ማዕድን ወጣ የሚል ወሬ የለም። የአክሲዮኑ ዋጋ በጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ላይ ከስምንት ሳንቲም ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ግማሽ ሳንቲም ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ባነሳችበት ቁጥር ጣቱን ወደ ካርቶኑ ይቀስራል።

«ዋጋ ይወጣል ይወርዳል። ቁጥሬ ግን አለ። አንዲት ጎድላብኛለች? አልጎደለችም!»

እውነቱን ነው፣ አንዲት አልጎደለችም። የሚያበግነውም ይኸው ነው። ያልጎደለ ነገር ጎደለብህ ብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል? እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች፤ ዝም ስትል ደግሞ መኪናዋን በእግሯ አጥብቃ ስለምትረግጥ እሱ ጠረጴዛዬ ተነቃነቀ ብሎ ይቆጣል።

ነገሩ በዚሁ ቢያልፍ አራት ሺህ ውሃ በላው ተብሎ ይረሳ ነበር። ግን በዚህ ዓመት ሌላ ጉዳይ መጣ። የቤቱ ባለቤት አሮጊት፣ እርጅና መጣብኝ፣ ግቢውን ልሸጥ ነው አሉ። ግቢው በመካከል ባዶ ሜዳ ያለው፣ ዙሪያውን ስድስት ክፍሎች ያሉት ነው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለተከራዮቹ ለመሸጥ ተስማሙና ሦስት ወር ሰጡ። የእነ ግራም ክፍል ሃያ አምስት ሺህ ተባለች። ካልቻሉ አንድ ስልክ ሻጭ ገንዘቡን ይዞ ቆሟል።

ባልና ሚስቱ በአሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀሟት ሃያ ስድስት ሺህ ነበረቻቸው፤ ሁለቱም ካልፈረሙ ባንኩ የማያወጣት። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ለአንድ ነገር እንዲህ ጓጉታ አታውቅም። ክፍሏ የራሷ ከሆነች በሩን ታሰፋለች፣ መደርደሪያ ታሠራለች፣ «ኪራይ ጨምሪ» የሚል ድምፅ ዳግመኛ አትሰማም። ካልሆነች ደግሞ በሃምሳ አራት ዓመቷ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ ደንበኛ የማያውቃት ሰፈር ልትሄድ ነው።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። ሰኞ ዕለት የኩባንያው ደብዳቤ መጣ።

ግራም አነበበ። ከተቀመጠበት ተነሣ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ «ዘረፉኝ!» ብሎ ጮኸ፤ መጋረጃው ውስጥ ቀሚስ የምትለካ ደንበኛ በድንጋጤ በግማሽ እጅጌ ወጣች።

ደብዳቤው የሚለው እንዲህ ነው። መቶ መቶው አክሲዮን ተጠቅልሎ አንድ ይሆናል፤ ስለዚህ የግራም አምሳ ሺህ አምስት መቶ ሊሆን ነው። ከዚያ በኋላ እንደገና አዲስ አክሲዮን ይወጣል፤ ነባር ባለአክሲዮኖች እስከ ዓርብ ድረስ አንዷን በአምሳ ሳንቲም ቀድመው መግዛት ይችላሉ። ይህን ሁሉ ለማጽደቅ ዓርብ ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤ ይደረጋል።

«አምሳ ሺዬን! ከአምሳ ሺህ አምስት መቶ! ዓይናቸውን በጨው አጥበው!»

እንዲያ እየጮኸም ትንሿን ወረቀት ፈርሞ ፖስታ ውስጥ ከተታት። ያልተመለሰ ደብዳቤ አያድርማ።

ወዲያው ለአክስቱ ልጅ ስልክ ደወለ፤ ሚስቱም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ተረጋጋ እንጂ» አለ የአክስቱ ልጅ። «መጠቅለሉ እኮ ምንም አልወሰደብህም። የሁሉም ሰው በመቶ ይጠቀለላል፤ የያንዳንዷ ዋጋም መቶ እጥፍ ይሆናል። ከኩባንያው ላይ ያለህ ድርሻ ያው ነው፣ አልተነካም።»

ግራም ወረቀቱን አገላበጠ። ልብስ ሰፊዋ ግን ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«እሺ የኔ ወንድም፣ ይሄኛው ካልወሰደበት የወሰደበት የትኛው ነው?»

«እንግዲህ... አዲስ አክሲዮን ሲወጣ... ገበያው ነው እህቴ። በሉ ደህና ዋሉ፣ ደንበኛ መጣብኝ።»

እሷ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ሲዘረፍ እያጨበጨበ ኖሮ፣ ያልተዘረፈ ቀን ነው ሌባ ብሎ የጮኸው! ልትስቅ ፈለገች፣ አልሆነላትም። ጨርቅ አንሥታ ልታሳየው ሞከረች፤ ያው አንድ ሜትር ጨርቅ አሥር ቦታ ቢቆረጥ፣ ከዚያ ሰማንያ ቦታ ቢቆረጥ፣ አንድ ቁራጭ የያዘ ሰው ቁራጩ አንድ ከመሆን ባይጎድልም ምን ቀረው? ግራም ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ እርሳሱን አንሥቶ ያሰላል።

«አርባ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብቻ ነው የሚጎድለኝ። በአምሳ ሳንቲም ሃያ አራት ሺህ ሰባት መቶ አምሳ። ቁጥሬን መልሼ እሞላለሁ!»

«በምን ገንዘብ?»

ዓይኖቹ ወደ ባንክ ደብተሩ መሳቢያ ሄዱ።

ማክሰኞ የባንክ ማውጫ ፎርም አምጥቶ ፈርሞበት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ረቡዕ እዚያው ነበር። ሐሙስ ደንበኛ ሁሉ እስኪሰማ ተጨቃጨቁ። ክፍሉን ለሌላ ጊዜ እንገዛለን ይላል፤ የትኛው ሌላ ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። መጨረሻ ላይ ትዕግሥቷ ተሟጦ እንዲህ አለችው፦

«ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። ባለቤት ነኝ አይደል የምትለው? ነገ አብሬህ ስብሰባው እሄዳለሁ። ባለቤት ከሆንክ ተነሥተህ አንድ ቃል ተናገር። ባንተ ቃል አንዲት ነገር ከተለወጠች እዚያው እፈርምልሃለሁ። ካልተለወጠች ፎርሙን ትሰጠኛለህ።»

«እሺ!» አለ ግራም፤ እንዲያውም ደስ አለው። የሠርጉን ኮት አወጣና የላላችውን ቁልፍ እንድታጠብቅለት ሰጣት። ቁልፏን ስታጠብቅ መርፌው ሦስት ጊዜ ጣቷን ወጋት።

ስብሰባው የተከራየ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ፕላስቲክ ወንበሮች፣ የታሸገ ውሃ፣ ከፊት ትልቅ ስክሪን። ደጃፉ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ የባለአክሲዮኖችን መዝገብ የያዘች ወጣት ተቀምጣለች። ግራም ኮቱን ጎተት አድርጎ ተራውን ጠብቆ ቀረበ።

«የድምፅ መስጫ ካርዴን።»

ወጣቷ መዝገቧን አየች፣ እሱን አየች። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ድምፅዎን ሰጥተዋል።»

«የት ሰጠሁ? አሁን መምጣቴ ነው!»

«ውክልና ሰጥተዋል፤ ለቦርዱ ሰብሳቢ። በእርስዎ ስም እሳቸው ድምፅ ይሰጣሉ።» ከማኅደሩ ወረቀቶች አወጣችና አንድ በአንድ ደረደረችለት። ስድስት ነበሩ፤ የስድስት ዓመት። በሰማያዊ ቀለም፣ ቀኑ ሳይቀር በሚያምር ጽሑፍ። ስድስተኛዋ የዚህ ሳምንት ሰኞ ናት።

«ይሄ... ይሄ ደብዳቤው ደረሰኝ የሚለው ነው።»

«አይደለም አባባ። ይኸው ያንብቡት። ‹የቦርዱ ሰብሳቢ በእኔ አክሲዮኖች ልክ ድምፅ እንዲሰጡ ወክያለሁ› ይላል። ሃያው ሚሊዮን ሲጸድቅም፣ ሰማንያው ሲጸድቅም የእርስዎ ድምፅ ድጋፍ ነው። አምሳ ሺህ ድጋፍ።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ያዘች። ልትጮኽ አፏን ስትከፍት የባሏን ፊት አየችና ተወችው። ግራም ፊርማዎቹን በጣቱ እየነካ ነበር። ሚዛን ሲያሽግ የሚፈርማት ያቺው ፊርማ ናት፤ በእሷ የተፈረመበትን ሚዛን ከተማው ሁሉ ያምናል። ሰኞ ዕለት ዘረፉኝ ሲል፣ ለካ በየዓመቱ ዕቃውን አስሮ፣ አሽጎ፣ ቴምብር ሳይከፍል የሚልክላቸው እሱ ራሱ ነው።

«ጉባኤው ሳይከፈት መሻር ይችላሉ» አለች ወጣቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ አሳዝኗት ነበር። የመሻሪያ ፎርም ሰጠችው። ግራም መነጽሩን አወጣ። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ እንደገና አነበበው፤ ከኋላው ያሉት ሰዎች «ኧረ ጋሼ፣ እኛም ጉዳይ አለን!» ማለት ጀመሩ። ከዚያ ፈረመ። ካርዱን ተቀበለ። ወጣቷ የዓመቱን ሪፖርትም አብራ ሰጠችው።

ጊዜው ሲደርስ እጁን አውጥቶ ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ነበር የተናገረው። አዲስ አክሲዮን መውጣቱ ይቁም፣ መጀመሪያ የተቆፈረው ጉድጓድ ምን እንዳስገኘ ይነገረን አለ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው አዳመጡት። «ጋሼን እናመሰግናለን። ሐሳባቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልን» አሉና ወደ ድምፅ መስጠቱ አለፉ። ግራም ካርዱን ለተቃውሞ ከፍ አደረገ። ዞር ብሎ አየ፤ ሌላ ካርድ የለም። ቆጠራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪኑ ላይ ወጣ፦ ተቃውሞ፣ 0.06 ከመቶ።

ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩን አይታ ምንም አልመሰላትም። ግራም ግን በወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ክንዱን ይዛ አስነሥታ አወጣችው፤ ደረጃው ላይ ደርሰው ነው አፉ የተፈታው።

«መቶ ኪሎ ላይ ስልሳ ግራም» አለ።

«ምኑ?»

«እኔ። ኩባንያው መቶ ኪሎ ጆንያ ቢሆን እኔ ስልሳ ግራም ነኝ።» ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ የተተኮሰ ኮት አቧራ ላይ። «የመቶ ኪሎ ሚዛን እስከ መቶ ግራም ቢሳሳት አልፈዋለሁ። ደህና ነው ብዬ አሽገዋለሁ። አንቺ፣ ይሰማሻል? እኔ ብኖርም ባልኖርም ሚዛኑ አያውቀኝም።»

«ስትገዛስ ስንት ነበርክ?»

ሪፖርቱን ገልጦ የየዓመቱን ቁጥር በጣቱ ተከተለ። «ከአሥር ሚሊዮን አምሳ ሺህ... ግማሽ ኪሎ። ግማሽ ኪሎ ነበርኩ!» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ከዚያ ሩብ ኪሎ። አሁን ስልሳ ግራም። አንዱም አልጎደለብኝም ስልሽ...»

ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ንግግር ጉሮሮዋ ላይ ነበር። አልኩህ አላልኩህም የሚል፣ ረጅም፣ በሚገባ የተለማመደችው። አልተናገረችውም። ለእሱ አዝና ብቻም አይደለም፤ ሰዓቱን አይታ ነው። «ተነሥ፣ ባንክ ይዘጋል» አለችው። እሱም ከኪሱ ፎርሙን አውጥቶ ሰጣት። ይሄም ቢሆን አበሳጫት፤ ፎርሙ ላይ የኩባንያውን ስም ጽፎበታል፣ ተሰርዞ ደግሞ ባንክ አይቀበለውም። አዲስ ፎርም ለማግኘት ሌላ ሰልፍ ተሰለፉ።

አሮጊቷ ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ስልክ ሻጩ አስቀድሞ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ የእነሱን ፊት ሲያይ ደስታው ቀነሰ። አሮጊቷ ውሉን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፤ ሁለት ገጽ ነው። «በሉ ፈርሙና እንገላገል» አሉ።

ግራም መነጽሩን አደረገ።

አነበበ። መጀመሪያ ከራስጌው፣ ከዚያ ከግርጌው፣ ከዚያ ሁለቱን አገናኝቶ። ስልክ ሻጩ ሰዓቱን አየ። አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ፤ ስድስት ዓመት ያላነበበ ሰው የሷ ቀን ሲደርስ ነው እንዴ ፊደል የሚቆጥረው? «ፈርም እንጂ፣ ሰውዬ!» አለችው በሹክሹክታ፤ በጠረጴዛው ሥርም ረገጠችው።

ግራም ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «እትዬ፣ እዚህ ላይ ‹ገዢው ከግቢው አንድ ድርሻ ይኖረዋል› ይላል።»

«አዎ፣ አንድ ድርሻ። ታዲያ ምን ጎደለው?»

«አንድ ከስንት?»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከእግሩ ላይ አነሣች።

«ምን ከስንት ትለኛለህ?» አሉ አሮጊቷ። «ስድስት ክፍል ነው፣ ስድስት ድርሻ ነዋ! ዕድሜ ልክህን እዚሁ ኖረህ መቁጠር አቃተህ?»

«ሰባተኛ ክፍል ቢሠራስ? ስምንተኛስ?»

አሮጊቷ ውሉን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ስልክ ሻጩ ጣራውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ ያስታወሰችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በግቢው ሜዳ ላይ አራት ችካል ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሮበታል፤ የፍሳሽ ቱቦ ሊቀበር ነው ተብሎ፣ እሷም ሁለት ጊዜ ተጠልፋበታለች። የፍሳሽ ቱቦ ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ አያውቅም። ለስልክ ሻጩ ክፍሉን ካላገኘ ሱቅ ሊሠሩለት ነበር ለካ፤ ልክ በእሷ በር ፊት!

«ከስድስት አንድ ተብሎ ይጻፍልኝ» አለ ግራም። «ስድስቱም ባለድርሻዎች ካልፈረሙ የድርሻው ቁጥር አይጨምርም፣ ግቢውም አይነካም ተብሎ። እኔ እጠብቃለሁ።»

«ኧረ የዚህ ሰውዬ ነገር! ኧረ ልጄ ስሚኝ፣ አንቺ ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ነው የምትኖሪው?» አሉ አሮጊቷ እጃቸውን እያወናጨፉ። ልብስ ሰፊዋ ስድስት ዓመት የተሸከመችውን ብግነት ሁሉ በሌላ ሰው ፊት ላይ ተስሎ አየችው፤ ደስም አላት።

«እኔም አላውቅም እትዬ» አለች። «ግን ይጻፍ።»

ክርክሩ መሽቶ መብራት እስኪበራ ዘለቀ፤ ስልክ ሻጩ መሃል ላይ ጥሎ ሄደ። ተጻፈ። ግራም የተጻፈውን እንደገና አነበበና በሰማያዊ ቀለም ፈረመ። ከዚያ እሷ ፈረመች፤ ፊርማዋ ከደስታ ብዛት ከመስመሩ ወጣ።

ሲወጡ ግራም ሜዳው ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አራቱን ችካሎች አንድ በአንድ ነቀለ። ሲባጎውን በመዳፉ ላይ ጥንቅቅ አድርጎ ጠቀለለና ሰጣት።

«እንኪ፣ ክር ነው። ለስፌት ይሆንሻል።»

«ይሄ ሲባጎ ነው፣ ሰውዬ። በሲባጎ ማን ልብስ ይሰፋል?» አለችው፤ ተቀብላም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።